ከቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት የቱን ልውሰድ? ከልጅ እስከ አዋቂ የመጽሐፍ መምረጫ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት የምከፍተው እኔ ነኝ። አንዲት ክፍል ናት። ሦስት መደርደሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች አሏት። መዝገቡ ላይ ስም ሳልጽፍ በፊት በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እኅቴ፣ እስኪ ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ።»

ጥሩ መጽሐፍማ ሞልቷል። ችግሩ ጥሩው መጽሐፍ ለማይሆነው ሰው ሲሰጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ መጣና አበው ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ ያስተማሩትን የያዘውን ሃይማኖተ አበውን ወሰደለት። ልጁ ከአሁኑ ሊቃውንቱን እንዲለምድ ነበር ሐሳቡ። መጽሐፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሄደ ተመለሰ። ልጁ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ክፍሏን አልረገጣትም። ያን ቀን ዝም በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ አሁን መጽሐፍ ከማውረዴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሚያነበው ማን ነው? ብቻውን ነው የሚያነበው ወይስ ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ? በቀን ምን ያህል ጊዜ አለው? የመጻሕፍቱን ክብር ማበላለጥ የኔ ድርሻ አይደለም። የማወዳድረው ለማን እንደሚመቹ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ፤ ግን የትኛው እትም?

መደርደሪያችን ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀው፣ ሰው «የ1954ቱ» እያለ የሚጠራው ነው። ብዙ ቤት የሚገኘው 66 መጻሕፍት የያዘው እትሙ ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያናችን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችው ሰማንያ አሐዱ ነው።

ጥቅስ በቃል ለማጥናት የ1954ቱን እመርጣለሁ። በስብከት የምንሰማውና በየግድግዳው የምናየው ጥቅስ አብዛኛው በእሱ አማርኛ ነው፤ ጆሯችን ለምዶታል። ደግሞ በትንሽ መጠንም ስለታተመ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ለቤተሰብ ንባብ ግን ሰማንያ አሐዱን ይውሰዱ እላለሁ። ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክ፣ ኩፋሌ፣ መቃብያንና ሄኖክ ያሉት እዚያ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ሌላው ዓለም ያገኘው ከእኛ ነው። ታዲያ የእኛው ልጅ ስሙን ብቻ ሰምቶ ሲያድግ ያሳዝናል። መጽሐፉ ከባድ ነው፣ ቦርሳ አይገባም። ቦታው ሳሎን ነው፤ አትሮንስ ቢገኝለት ደግሞ እንዴት ያምርበታል!

ሁለቱን እያፈራረቁ የሚያነቡ ሰዎች የሚደናገሩበት ነገር አለ። በግዕዙ ቁጥር «ተሣሃለኒ» መዝሙር 50 ነው። በዕብራይስጡ ቁጥር በሚሄዱ እትሞች ደግሞ 51 ይሆናል። ብዙዎቹ መዝሙሮች ላይ እንዲህ በአንድ ይለያያሉ፤ የማኅተም ስሕተት አይደለም። ሌላው መጽሐፈ ምሳሌ ነው። በእኛ አቆጣጠር እስከ ምዕራፍ 24 ያለው ምሳሌ ይባላል። ከ25 ጀምሮ ያለው ተግሣጽ ተብሎ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። ማውጫው ላይ ሁለት ስም ያየ ሰው አይደንግጥ።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ አዋቂ መልሴ ማርቆስ ነው። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ በቅደም ተከተል ልጨርስ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘሌዋውያን ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በ16 ቀን ያልቃል። አንድ መጽሐፍ ጨርሶ የከደነ ሰው ሁለተኛውን ሳይነገረው ያነሳል። ከዚያ ሉቃስ፣ ቀጥሎ የሐዋርያት ሥራ። ሁለቱም የተጻፉት በአንድ በሉቃስ እጅ ስለሆነ ታሪኩ ሳይቋረጥ ይሄዳል።

ገና ለማያነቡ ልጆች፤ ዮናስ፣ ጦቢት ወይስ ባሕራን?

ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ መጽሐፉን የሚመርጠው ጆሮው ነው። ሥዕል ያለው ቢገኝ ደስ ይላል። ግን ሥዕል የሌለውም ጥሩ አንባቢ ካለ ይበቃል። ለዚህ ዕድሜ ሦስት ታሪኮችን አስቀድማለሁ። ሦስቱም የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው።

ዮናስ አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ዓሣው ብቻውን ልጁን ይይዘዋል። የጾመ ነነዌ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ሦስቱን ቀን ከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል፤ ልጁ እናቱ ለምን እንደምትጾም በዚያው ይገባዋል። ለአጭር ትዕግሥት የሚሆነው እሱ ነው።

ጦቢት 14 ምዕራፍ ነው። አንድ ሳምንት ይፈልጋል። የእኔን ልብ የያዘው ግን እሱ ነው። ዓይኑ የጠፋ አባት፣ ሩቅ አገር የሚላክ ልጅ፣ መንገድ ላይ አብሮት የሚሄድ ያልታወቀ ሰው፣ ከኋላ የሚከተል ውሻ፣ ከጤግሮስ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ። ልጆቹ መንገደኛው ሩፋኤል መሆኑን ከጦብያ ቀድመው ስለሚያውቁ ሊነግሩት ይጮኻሉ። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል በዓል ነው። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ የዓመቱ ማብቂያ። ጳጉሜን ለጦቢት የተሠራች ትመስለኛለች።

ሦስተኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ነው፤ ሰኔ 12 በስንክሳርና በድርሳነ ሚካኤል የሚነበበው የባሕራን ታሪክ። ሀብትህን ይወርሳል የተባለበት ባለጸጋ ሕፃኑን በሣጥን ከትቶ ባሕር ይጥለዋል። እረኛ አግኝቶ ያሳድገዋል። ባለጸጋው ዓመታት ቆይቶ ሲያገኘው የሞት ደብዳቤ አስይዞ ይልከዋል። ቅዱስ ሚካኤል መንገድ ላይ ደብዳቤውን ይለውጠዋል። ትንፋሽ የሚያስይዝ ታሪክ ነው። ነገር ግን ለልጅ እንዳለ ከማንበብ ይልቅ አንብቦ በራስ ቃል መተረክ ይሻላል። የስንክሳር አማርኛ ለአምስት ዓመት ልጅ ጠጠር ይላል።

ለዚህ ዕድሜ የማልሰጠውም አለ። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ስለ እመቤታችን ምልጃ ከሚነገሩት ሁሉ በጣም የሚታወቀው ነው። ሰው ይበላ ስለነበረ ሰው ሌሊት ለአንድ ሕፃን መንገር ግን ልክ አይመስለኝም። ዐሥር ዓመት አካባቢ ይደርሳል።

ፊደል ለቆጠሩ ልጆች

አያቶቻችን ቅደም ተከተሉን ሠርተው ጨርሰዋል። ፊደል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። የኔታ ዘንድ አንዱ ንባብ ራሱ በደረጃ ይሄዳል፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። 33ቱን ፊደል በሰባት አባዝቶ 231 የቆጠረ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ሲጀምር ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ ተደጋጋሚ ይሆንለታል። ብርሃን፣ ፍቅር፣ ልጆቼ ሆይ። እነዚያ አባቶች የልጅን አቅም ያውቁ ነበር።

ዛሬ ልጁ ፊደል የሚማረው በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ አሁንም የዮሐንስን አንደኛ መልእክት በአማርኛ እሰጣለሁ። አምስት ምዕራፍ ናት። ወላጅ አንድ ቁጥር፣ ልጅ አንድ ቁጥር እየተቀባበሉ ይነበባል። ከእሱ ቀጥሎ ሩት። እሷም አራት ምዕራፍ ናት፤ ያውም ስለ ምራትና አማት።

ዳዊት በግዕዝ ወይስ በአማርኛ?

ይህ ጥያቄ ጠረጴዛችን ላይ ክርክር ያስነሳል። ጋሽዬዎቹ ዳዊት በግዕዝ ካልሆነ ዳዊት አይደለም ይላሉ። ወጣቶቹ ያልገባኝን ምን ብዬ እጸልያለሁ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የግዕዙ ዳዊት ዜማ አለው፣ አፍ ላይ ይሄዳል። በማኅሌቱም በቅዳሴውም የምንሰማው እሱ ነው። አንድ ሰው ዳዊት በግዕዝ ካነበበ ቅዳሴ ላይ ሲቆም እንግዳነቱ ይቀራል። የአማርኛው ደግሞ ልብ ውስጥ ይገባል። ያዘነ ሰው «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን በገዛ ቋንቋው ማንበብ አለበት።

የእኔ ምክር ሁለቱን ጎን ለጎን የያዘውን መውሰድ ነው። ግዕዝና አማርኛ በትይዩ ዓምድ የታተመ ዳዊት አለ። መጀመሪያ አማርኛውን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ግዕዙን። ሦስት ወር እንዲህ ያደረገ ሰው ግዕዙ ራሱ መናገር ሲጀምርለት ይደነቃል። አሥር አሥሩ መዝሙር «አንድ ንጉሥ» ይባላል። ለጀማሪ በቀን አንድ ንጉሥ ይበዛል፤ አንድ መዝሙርም ይበቃል። 150ው በአምስት ወር ያልቃል። 151ኛዪቱ፣ ዳዊት ከወንድሞቹ ታናሽ እንደነበረና ጎልያድን እንደ ገደለ የሚናገርባት፣ ለልጆች ትሁን።

ግዕዙን ጠለቅ ብሎ ማወቅ ለፈለገ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት አለን። በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ ደስታ ተክለ ወልድ ከመምህራቸው ሞት በኋላ ለኅትመት ያበቁት። ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም፤ እዚሁ ተቀምጦ ነው የሚነበበው። የፊደሉ ተራ አበገደ መሆኑን ግን አስቀድሜ እናገራለሁ። ሀ ሁ ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉ የለም ብሎ ዘግቶት ይሄዳል።

ለወጣቶች፤ ከባዱ መደርደሪያ

እውነቱን ለመናገር የምቸገረው እዚህ ነው። ከ14 እስከ 20 ያለው ልጅ ምክር በምክር ላይ ሲደረደርለት ይሸሻል። ኃጢአትን ዝርዝር አድርጎ የሚያስፈራራ መጽሐፍ ሰጥቼ ያተረፍኩት ነገር የለም። ሕይወት ያለበት ታሪክ ስሰጥ ግን ይመለሳሉ፤ ሌላም ይጠይቃሉ።

የቅዱስ እንጦንስን ሕይወት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው የጻፈው። እንጦንስ ወላጆቹ ሲሞቱ 18 ወይም 20 ዓመቱ ነው። ታናሽ እኅት አለችው፣ ርስት አለው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ሲሰማ ለራሱ የተነገረ መሰለው። አንባቢው በእሱ ዕድሜ ሲሆን ይህ ይነካል።

ጸሊሙ ሙሴ ደግሞ ሽፍታ የነበረ ነው። በዓሉ ሰኔ 24 ይውላል። አንድ ወንድም አጥፍቶ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴ የሚያፈስ እንስራ ተሸክሞ መጣ። ምንድነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፣ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ይህን ታሪክ ያገኘሁት በአበው ታሪኮች ውስጥ ነው።

የትኛው ለማን? ጥያቄ ለሚበዛበት፣ ብቸኝነት ለሚወድ ልጅ እንጦንስ። ወድቄአለሁ፣ አልረባም ብሎ ራሱን ለሚጥል ልጅ ሙሴ። ይህን ምርጫ በደንብ የሚያውቀው ከወላጅ ይልቅ ብዙ ጊዜ የንስሐ አባቱ ነው።

ታሪክ ለሚወድ፣ ሁሉንም ነገር «ማን አለ? መቼ?» እያለ ለሚሞግት ወጣት የብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለ። አማርኛው ንጹሕ ነው። ፍሬምናጦስ፣ ተሰዓቱ ቅዱሳን፣ የግራኝ ዘመን፣ የሱስንዮስ ዘመን፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል። ከጓደኛው ጋር ተከራክሮ መልስ ያጣ ልጅ መጀመሪያ እዚህ ይምጣ።

ሥራ የጀመሩት፣ ታክሲ ውስጥ ካልሆነ ማንበቢያ ሰዓት የለኝም የሚሉት ደግሞ የአቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊን መጻሕፍት ይውሰዱ። ከ1971 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ አማርኛ ተተርጉመዋል። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ከመገናኛ ፒያሳ ሳይደርሱ አንዱ ያልቃል።

ስንክሳር፣ ገድል፣ ድርሳን፣ ተአምር

አራቱ በአንድ መደርደሪያ ስለሚቀመጡ ሰው አንድ ዓይነት ይመስሉታል። አይደሉም። አጠቃቀማቸውም ይለያያል።

ስንክሳር የቀን መጽሐፍ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለእያንዳንዱ ቀን የዕለቱን ቅዱሳን ይዟል። መሠረቱ ከዐረብኛ ተተርጉሞ የእኛ አገር ቅዱሳን የተጨመሩበት ነው። በየታሪኩ መጨረሻ «ሰላም» እያለ የሚጀምር አርኬ የሚባል አጭር ግጥም አለ። እኔ ለቤተሰብ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጪ ብባል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ እሱን ነው የማነሳው። ምክንያቱም ከየት ልጀምር የሚል ጥያቄ የለውም። ዛሬ ስንት ነው? ያን ገጽ ግለጥ። ትናንት ካመለጠህም ዕዳ የለብህም። የእራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። በእያንዳንዱ ልጅ ልደት ቀን ማን እንደሚታሰብ መፈለግም ደስ የሚል ልማድ ነው። የእኛ ሠፈር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የመጀመሪያ ሥራቸው ይኸው ሆኗል።

ገድል የአንድ ቅዱስ ሙሉ ሕይወት ነው። ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ወይም ገድለ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚወስዱት ብዙ ጊዜ ዝክር ያላቸው፣ ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ለሴቶች ማኅበር ግን አዘውትሬ የማነሳው የወለተ ጴጥሮስን ገድል ነው። ይህች እናት እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች ናት። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ሲቀበል እሷ ባሏንም ቤቷንም ትታ ወጣች። ተሰደደች፣ ታሰረች፣ ማኅበር መሠረተች። ገድሏ የተጻፈው በሞተች በ30 ዓመቷ ነው፤ የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ። ስለዚህ የሰው ወሬ፣ የሰው ጠባይ፣ የቤት ውስጥ ነገር ሞልቶበታል። እኅተ ክርስቶስ ከምትባለው ወዳጇ ጋር የነበራትን ፍቅር ማንበብ ብቻውን ይበቃል።

ድርሳን የበዓል መጽሐፍ ነው። ድርሳነ ሚካኤል ለየወሩ 12ኛ ቀን ተከፍሏል። በወር አንድ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ስንክሳር ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ከሚተው በወር አንዴ ድርሳን ቢያነብ እመርጥለታለሁ።

ተአምረ ማርያም ደግሞ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ከዚያ በኋላ የአገራችን ታሪክ ታክሎበታል። ዓይናቸው ለደከመ እናቶችና ለእማሆይዎች የሚነበብላቸው ቢኖር ይህን ነው የምለው። አንዱን ሰምተው «በቃ ልጄ፣ ተባረኪ» ሊሉ ይችላሉ። የተቋረጠ ነገር አይኖርም። ደግሞ ብዙዎቹን ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል። ስታነቢ ከአፍሽ ነጥቀው ይጨርሱታል።

አንድምታ ወይስ ዮሐንስ አፈወርቅ?

ወንጌል በአንድምታ ከመደርደሪያችን ሁሉ የሚፈለገው፣ ሳይነበብም የሚመለሰው መጽሐፍ ነው። ግዕዙን ያስቀምጣል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ መንገድ ይከፍታል። በመካከል ታሪክ ይገባል። ጉባኤ ቤት ውስጥ መምህሩ ሲናገሩ እንደነበረ ነው የተጻፈው። ለዚህ ነው ብቻውን የተቀመጠ አንባቢ የሚከብደው፤ አማርኛው ከአፍ የወጣ፣ የቆየ፣ አጭር ነው። ሦስት «አንድም» ተከታትሎ ሲመጣ የትኛው ነው ትክክሉ ብሎ የሚናደድ አለ። ሁሉም ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ወንጌልን ለሌላ ለማስተማር ለሚዘጋጅ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አንድምታ ግድ ነው። ግን ለብቻ አይወሰድ። ሁለት ሦስት ሆኖ፣ የሚጠየቅ አንድ መምህር ባለበት፣ በሳምንት ጥቂት ቁጥር። አንድ ቡድን ማቴዎስን እንዲህ ሲያነብ ዓመት አልፎት ገና ምዕራፍ 13 ላይ ነው። ማንም አልሰለቸም።

ለራስ ሕይወት ምክር ለሚፈልግ ግን ወደ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ድርሳናት እልካለሁ። በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ለከተማ ሰው የሰበከ አባት ነው። ነጋዴው፣ ባለትዳሩ፣ ቲያትር የሚያዘወትረው፣ ደጁ ላይ የተኛውን ድሀ አልፎ የሚገባው፣ ሁሉም ፊቱ ተቀምጧል። ከ1600 ዓመት በኋላ ስለ ሀብትና ስለ ድሀ የተናገረው አዲስ አበባ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። በአማርኛ የተተረጎሙት በጥራታቸው እኩል አይደሉም። አንድ ገጽ ቆሞ አንብቦ የሚፈስሰውን መምረጥ ነው።

የምሥጢር ትምህርት፣ ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ አበው ያሉትን የሚፈልግ ብቻ ነው ወደ ሃይማኖተ አበው መሄድ ያለበት። ያውም አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ የሃይማኖታችንን መሠረታዊ ትምህርቶች፣ በቀላሉ ከሚያስተምር መጽሐፍ በኋላ።

መጻሕፍተ መነኮሳት

ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ስማቸውን ሰምቶ የሚመጣ ወጣት እየበዛ ነው። ደስ ይለኛል፤ እፈራለሁም። የተጻፉት ዓለምን ትተው በበዓት ለሚኖሩ ነው። ገና ሰባቱን ጊዜያት ጸሎት ያልለመደ ሰው ማር ይስሐቅን አንብቦ ቤተሰቡን ማኩረፍ ሲጀምር አይቻለሁ። ለእሱ የሚሻለው ዜና አበው ነው። ያው የበረሃ ጥበብ ነው፣ ግን በአጭር ታሪክ፣ ለምእመንም በሚሆን መጠን።

ትንንሾቹን መጻሕፍት እንዴት እንለይ?

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አካባቢ የሚሸጡ ብዙ ቀጫጭን መጻሕፍት አሉ። አንዳንዶቹ ወርቅ ናቸው። ሰው በስጦታ ሲያመጣልን ግን መደርደሪያ ላይ ከማውጣታችን በፊት ጥቂት ነገር እናያለን። የጸሐፊው ስም አለ? አሳታሚው ማን ነው? የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አይተውታል? ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ወሰደ ይናገራል? «ይህን በኪስህ ከያዝክ እንዲህ ይሆንልሃል» የሚል ከሆነና ንስሐንም ጸሎትንም ካላነሳ ለካህናቱ እናሳያለን እንጂ አናውሰውም።

ሩቅ አገር ላሉት

ባለፈው ክረምት አንዲት እኅት ለሥራ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ስትል መጣች። ሻንጣዋ ሞልቷል፣ አንድ ብቻ ልያዝ አለችኝ። ኪስ የሚገባውን የጸሎት መጽሐፍ ወይስ አዲስ ኪዳን? የጸሎት መጽሐፉን ሰጠኋት፤ የሰባቱን ቀን ውዳሴ ማርያም የያዘውን። አዲስ ኪዳን በስልኳ ጫነች። ደክሟት ስትተኛ ስልክ ከመክፈት የምታውቀውን ገጽ መግለጥ ይቀላታል ብዬ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ለሚያድጉ ልጆች የሚጠይቁኝ ዘመዶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ፊደሉን አያነብም። እንደዚህ ላለው ግዕዝ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በሦስት ዓምድ የያዘው መጽሐፈ ቅዳሴ ይሻለዋል። በየሳምንቱ የሚሰማው ዜማ ትርጉሙ ከጎኑ ስላለ ቅዳሴው ውስጥ መንገድ አይጠፋውም። ፊደሉን ለመማርም ምክንያት ይሆነዋል። አያት በቪዲዮ ጥሪ ጦቢትን ብታነብለት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ቤተሰብ እንዲህ እያደረጉ ነው፤ እሑድ ማታ በእነሱ ጠዋት ነው።

መቼ ምን ይፈለጋል

ወቅቱን ማወቅም ከምርጫው አንዱ ነው። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት እጅ በእጅ ይዞራል፤ ለማንም አናውስም። ወንጌል በአንድምታ ጥቅምትና ኅዳር መደርደሪያ ላይ ስለሚያርፍ ያኔ ይወሰድ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ውዳሴ ማርያምና ቅዳሴ ማርያም ከነትርጓሜያቸው በየቀኑ በዐውደ ምሕረቱ ስለሚነገሩ መጽሐፉን ይዞ መከታተል የሚፈልገው ብዙ ነው። ያለን ሦስት ቅጂ ነው። የሚፈልግ ሐምሌ ሳያልቅ ይምጣና ስሙን ያስመዝግብ።